በጨው ውኃ ላይ የቆመ ርስት

ይህ ምልልስ የተደረገው በቢሾፍቱ ከተማ፣ ከሆራ ሐይቅ ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በእሑድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አንደኛው ተናጋሪ በወጣትነታቸው ዘመን በምጽዋ ወደብ በጀልባ ሥራ የኖሩና የባሕሩ ጠረን እስከ ዛሬ ከሕሊናቸው ያልጠፋ አዛውንት ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ የእኅታቸው ልጅ፣ የደን ትምህርት ተምራ በኬንያ ጠረፍ ለብዙ ዓመታት የሠራች ባለሙያ ናት። እኔ ሦስተኛ ሆኜ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና፣ ነገሩ በአንድ ቤት ውስጥ ተነግሮ እንዲቀር ስላልወደድሁ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ጽፌዋለሁ። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አጎት፦ ልጄ፣ ከመጣሽ ጀምሮ ልጠይቅሽ እያሰብሁ ጨዋታው እየወሰደኝ ቆየ። ያን ያህል ዓመት የደከምሽለት ዛፍ፣ እኛ በምጽዋ ሳለን የጠረፉ ሰዎች «ሾራ» ይሉት የነበረው፣ ባሕሩ ሲሞላ እስከ ቅርንጫፉ የሚሰጥመው፣ ሲጎድል ደግሞ በጥቁር ጭቃ ላይ ቆሞ የሚታየው፣ ግመሎች ወደ ረግረጉ እየገቡ ቅጠሉን የሚቀነጥሱት ዛፍ ነው ወይስ ሌላ ነው?

ልጅት፦ እሱው ነው፣ ጋሼ፤ እርስዎ ያዩት ግን ከብዙዎቹ አንዱን ነው። ማንግሮቭ የሚለው ስም የአኗኗር ስም ነው እንጂ የአንድ ዘር ስም አይደለም፤ ከየአገሩና ከየነገዱ የመጡ ሰዎች አንድ ቆብ ደፍተው፣ አንድ ሥርዓት ይዘው በአንድ ገዳም እንደሚኖሩ ሁሉ፣ በዝምድና እጅግ የተራራቁ 70 ያህል የዛፍ ዓይነቶች፣ ሌላው ዛፍ የሚሞትበትን የጨው ውኃና አየር የሌለውን ጭቃ መኖሪያቸው ስላደረጉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ትግላቸው ግን የየራሳቸው ነው፤ የምጽዋው ሾራ ወደ ውስጡ የገባውን ጨው በቅጠሉ በኩል መልሶ ያልበዋል፤ በኬንያ «ምኮኮ» የሚባለውና ሥሮቹን ከግንዱ ላይ እንደ ቅስት እየዘረጋ የሚቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጨው ገና ከሥሩ ደጃፍ ይመልሰዋል።

አጎት፦ ቅጠሉ ጨው ማላቡ እውነት ነው፤ በምላሴ ቀምሼዋለሁ። ከጭቃው ውስጥም እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡ ሥሮች ነበሩበትና በባዶ እግራችን ስንገባ ይወጉን ነበር። ነገር ግን አልደብቅሽም፤ ስፍራው ይሸት ነበር፣ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ይሸት ነበር፤ ስለዚህ እኛ ለምንም የማይረባ፣ እግዚአብሔር ከምድርም ከባሕርም ሳይቆጥረው የተወው ቦታ ይመስለን ነበር።

ልጅት፦ እነዚያ እንደ እርሳስ የቆሙት ሥሮች እኮ የዛፉ መተንፈሻ ናቸው። ጭቃው በውስጡ አየር ስለሌለው፣ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ለታችኛው ሥር ይተነፍሱለታል፤ ደለል ቢለብሳቸው ዛፉ ታፍኖ ይሞታል። ሽታውም ቢሆን ከዚሁ ከአየር ማጣት የሚመጣ ነው። የወደቀው ቅጠልና የሞተው ሥር የሚያበሰብሰው አየር ስላላገኘ በጭቃው ውስጥ እየተደራረበ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን ይቆያል፤ ዛፉ ከሰማይ የሳበው የተቃጠለ አየር ካርቦኑ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ሲለኩት ማንግሮቭ በያዘው መሬት ልክ ሲታሰብ ከአብዛኞቹ የየብስ ደኖች የበለጠ ካርቦን እንደሚያስቀምጥ፣ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው በግንዱ ሳይሆን ከእግራችን በታች በዚያ በሚሸተው ጭቃ ውስጥ እንዳለ አረጋግጠዋል። ደኑ ተመንጥሮ ጭቃው ፀሐይና አየር ባገኘ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ዘመን የተከማቸው መዝገብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበተናል።

አጎት፦ ይህ ለሊቃውንት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ለዓሣ አጥማጁና ለእንጨት ለቃሚዋ ግን በጭቃ ውስጥ ያለ ካርቦን ምን ይረባቸዋል? ዋጋውን ሰው በሚያውቀው ዋጋ ንገሪኝ።

ልጅት፦ እንግዲያውስ ከእንጨቱ ልጀምር። በላሙ ደሴትና በዙሪያው ያለው ጠረፍ ከኬንያ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይዟል፤ ከዚያም «ቦሪቲ» የሚባለው ቀጥ ያለ እንጨት ለብዙ ዘመን በጀልባ እየተጫነ ዛፍ ወደሌለበት ወደ ዐረብ አገር ይሄድ ነበር። የስዋሂሊ ጥንታውያን የድንጋይ ቤቶችን ገብተው ቢያዩ ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ የጣሪያው ወራጅ ይኸው የማንግሮቭ እንጨት ስለ ነበረ የክፍሉ ስፋት ከእንጨቱ ርዝመት ሊያልፍ አልቻለም። እንግዲህ ዛፉ የሕዝቡን የቤት ልክ ወሰነ ማለት ነው። በ1982 ግን የኬንያ መንግሥት ደኑ መሳሳቱን አይቶ እንጨቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ።

ከእንጨቱ የሚበልጠው ጥቅም ግን በዛፉ ስም ተጽፎ የማይገኘው ነው። ዓሣውና ሽሪምፑ ገና ደቃቃ ሳለ ትልልቁ ዓሣ ሊገባበት በማይችለው በሥሩ መካከል ተሸሽጎ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ወደ ጥልቁ ይወጣል፤ አጥማጁም ከሩቅ ባሕር ላይ አጥምዶ ገበያ ያወጣዋል። ገዢው ዋጋ የሚከፍለው ለአጥማጁ ነው፤ ላሳደገው ደን የሚከፍል የለም፤ ደኑ ተቆርጦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መረቡ ባዶውን ሲወጣም አጥማጁ ባሕሩን ይረግማል እንጂ መጥረቢያውን አይረግምም።

አጎት፦ ማዕበሉስ? በባሕር ላይ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው።

ልጅት፦ ማዕበሉን በተመለከተ ሰዎች አብዝተው እንዳይናገሩ እፈራለሁ፤ ከባሕር ወለል መናወጥ የሚነሣውን ታላቅ ማዕበል ደን ያቆመዋል ብዬ አልምልም። በጥቅምት 1999 በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኦዲሻ፣ ብርቱ አውሎ ነፋስ ባሕሩን አንሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ሲፈጅ የሆነውን ግን ያውቁ ዘንድ እወዳለሁ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ኬንድራፓራ በምትባለው አውራጃ ያሉትን መንደሮች ሲያነጻጽሩ፣ በመንደሩና በባሕሩ መካከል ሰፋ ያለ ማንግሮቭ በቀረላቸው ዘንድ የሞተው ሰው ያነሰ ሆኖ አገኙት። የዚህ ሒሳብ በየትኛው ገበያ ይወጣል? በሕይወት የተረፈው ሰው እንኳ ደኑ ያተረፈው እሱን ለይቶ መሆኑን አያውቅም።

አጎት፦ እንዲህ ከሆነ ለምን ይቆርጡታል? ሞኞች ናቸው ማለት አልችልም፤ የጠረፍ ሰው ከእኔና ካንቺ የበለጠ ባሕሩን ያውቃል።

ልጅት፦ የሚቆርጠው ሰውና የሚጎዳው ሰው አንድ ስላልሆኑ ነው፣ ጋሼ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በታይላንድ፣ በኢኳዶር፣ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ እጅግ ብዙ የማንግሮቭ ደን እየተመነጠረ የሽሪምፕና የዓሣ ኩሬ ሆነ። ኩሬው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለባለቤቱ መልካም ትርፍ ይሰጠዋል፤ በኋላ ግን በጭቃው ውስጥ ታስሮ የነበረው ድኝ አየር ሲያገኝ ወደ አሲድ እየተለወጠ ውኃውን ያመርረዋል፣ በሽታም ይገባና ሽሪምፑን ይጨርሰዋል፤ ባለ ገንዘቡም ትርፉን ይዞ ወደ ሌላ ጠረፍ ይሻገራል። ለመንደሩ የሚቀርለት ደን ያልሆነ፣ ኩሬ ያልሆነ፣ እርሻም ሊሆን የማይችል ሜዳ ነው። በፊሊፒንስ የተደረገው ደግሞ ከሁሉ ያሳዝነኛል። ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ችግኝ ለመትከል ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ ማንግሮቭ ተነቅሎ ኩሬ የተሠራበት ትክክለኛው ስፍራ ግን ባለ ይዞታ ስለ ነበረው፣ ከእነዚያ ጋራ መከራከርን ማንም ስላልፈለገ፣ ችግኙን ባለቤት ወደሌለው፣ ባሕሩ ብዙ ሰዓት ወደሚተኛበት ወደ ዝቅተኛው የጠረፍ ደለል ወስደው ተከሉት። ያ ቦታ ከመጀመሪያውም ማንግሮቭ የማይበቅልበት ነበርና አብዛኛው ሞተ። ዘሩ ምንም በደል አልነበረበትም፤ የገደለው የመሬቱ ክርክር ነው።

አጎት፦ እንግዲህ የኛው የጥንት ጉዳይ ነው በይኝ። ርስት የሆነውን መሬት ሰው ድንጋዩን እየለቀመ፣ እርከኑን እየካበ ለልጅ ልጁ ያቆየዋል፤ የማንም ያልሆነውን ግን ቀድሞ የደረሰበት ይቆርጠዋል። በደጋው አገር ኮረብታው ሁሉ ተራቁቶ በደብሩ ዙሪያ ብቻ ጥዱና ወይራው ቆሞ የሚታየው ለምን ይመስልሻል? ጠባቂ ስላለው ነው፤ ጠባቂውም ታቦቱ ነው።

ልጅት፦ ያንን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በምሠራበት ጠረፍ አጠገብ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች «ካያ» የሚሏቸው፣ አባቶቻቸው ይኖሩባቸው የነበሩ፣ ዛሬ በሽማግሌዎች ሥርዓት የሚጠበቁ የተቀደሱ ደኖች አሏቸው፤ በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሳያቸው ሁልጊዜ የአገሬ አብያተ ክርስቲያናት ትዝ ይሉኛል። ነገር ግን ካያው በየብስ ላይ ነው። እኔ ወደምሠራበት ማንግሮቭ ሲወርዱ ታቦትም ካያም የለም፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ ወሰኑን ይሸፍነዋል፤ አጥማጁ የባሕር ነው ይላል፣ ገበሬው የየብስ ነው ይላል። መንግሥት በ1932፣ በቅኝ ግዛቱ ዘመን፣ በኬንያ ያለው ማንግሮቭ ሁሉ የመንግሥት ጥብቅ ደን ነው ብሎ አወጀ፤ ዐዋጁ ግን ደኑን ከመንደሩ እጅ አወጣው እንጂ ጠባቂ አልሰጠውም። በአክብሮት የሚጠብቀው ከሌለ በእንጀራ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል።

አጎት፦ በእንጀራ የሚጠብቀው ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?

ልጅት፦ ጋዚ የምትባለውን መንደር ልንገርዎ፤ ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በ1970ዎቹ የኖራና የጡብ ማቃጠያ እሳት የሚበላው እንጨት ከባሕረ ሰላጤዋ ደን ይቆረጥ ነበር፤ ሰፊ ስፍራም ባዶ ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ካይሮ የተባለ ኬንያዊ የባሕር ተመራማሪ ከመንደሩ ሰዎች ጋራ ሆኖ ያንን ባዶ ስፍራ መልሶ መትከል ጀመረ። በ2005 የወጣው የደን ሕግ ደግሞ የመንደር ማኅበራት ከመንግሥት ጋራ ደን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ፤ የጎደለው ይህ ነበር። በ2013 «ሚኮኮ ፓሞጃ»፣ ትርጓሜውም «ማንግሮቭ በአንድነት»፣ የተባለው ሥራ ተጀመረ። የጋዚና የማኮንጌኒ መንደሮች 117 ሄክታር የሚሆን ደን ይጠብቃሉ፣ በየዓመቱም ይተክላሉ፤ በዚህ ጥበቃ ምክንያት በዓመት 3,000 ቶን ያህል የተቃጠለ አየር ወደ ሰማይ ከመውጣት መትረፉ ፕላን ቪቮ በተባለው የካርቦን መመስከሪያ ሥርዓት ተመስክሮለት፣ ያንን ምስክርነት ለሚገዛ ይሸጡታል። ገንዘቡ መጥቶ የመንደሩ ጉባኤ ይቀመጥበታል፤ ለንጹሕ ውኃ፣ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ይውላል።

አዛውንቱ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ከሐይቁ መለሱ። ነገሩ እንዳልተዋጠላቸው ከግንባራቸው ይታወቅ ነበር፤ እኔም በልቤ የእሳቸውን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

አጎት፦ ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ እገዛለሁ ብሎ ወደ ሐዋርያት እንደ መጣ፣ ያ ባዕድ ባለጸጋ በፋብሪካው ጢስ ሰማዩን እያጠቆረ ከድኾች መንደር ሥርየት ይገዛል ማለት ነው? እናንተስ እንዴት ትሸጡለታላችሁ?

ልጅት፦ ይህን ፍርሃት እኔም እፈራዋለሁ። ገዢው ስለ ገዛ ብቻ ሕሊናው አርፎ ጢሱን ካበዛ፣ ደኑ የሰበሰበውን እሱ በሌላ በኩል በተነው፤ በዚያ ላይ የሚቆመው ክርክር ገና አላለቀም፣ እኔም በአንድ ቃል ልዘጋው አልችልም። ነገር ግን የዓይኔን ምስክርነት ልንገርዎ። ቀድሞ ውኃ ለመቅዳት ሩቅ ይሄዱ የነበሩት ሴቶች ዛሬ ከቧንቧው ሲቀዱ ይህ ውኃ ከዚያ ደን እንደ መጣ ያውቃሉ፤ ሌሊት መጥረቢያ ይዞ የሚገባ ሰው ቢኖር የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የደን ዘበኛ ቢቀጥሩ ይህን ያህል አይጠብቅም።

አጎት፦ ሴቶቹ ከጠበቁት መልካም ነው። ጥያቄዬ ግን እንዳለ ነው።

ልጅት፦ እንዳለ ይሁን፣ ጋሼ።

አጎት፦ ሌላው ነገር፣ ከዚህ በኋላ አይነካም ማለት ነው? እንጨት የለመደ ሕዝብ ያለ እንጨት አይኖርም።

ልጅት፦ ይነካል እንጂ፤ ነገር ግን በዛፉ ዕድሜ ልክ። በማሌዥያ፣ በፔራክ ግዛት፣ ማታንግ የሚባል 40,000 ሄክታር ያህል የማንግሮቭ ደን ከ1902 ጀምሮ በሥርዓት ተይዞ ይኖራል። ደኑ በክፍል በክፍል ይመደብና እያንዳንዱ ክፍል የሚቆረጠው በ30 ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በመካከሉ በ15ኛውና በ20ኛው ዓመት ለዘንግና ለምሰሶ የሚሆነውን እያወጡ ያሳሱታል፤ ከተቆረጠ በኋላ በራሱ ያልበቀለበትን ስፍራ ይተክሉታል። እንጨቱ እንደ ጎጆ ጣሪያ ክብ በሆኑ የሸክላ እቶኖች ውስጥ ቀስ ብሎ ይከስላል፤ ከሰሉም እስከ ጃፓን ድረስ ይሸጣል። አባት የቆረጠውን ክፍል እንደገና የሚቆርጠው ልጁ ነው። የሥራውን ዕቅድ በየዐሥር ዓመቱ እየመረመሩ ያድሱታል፤ ከዚያው ደን በታች ባለው ደለል የሚለቀመው ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳና የሚጠመደው ዓሣ ደግሞ ከከሰሉ የበለጠ ገቢ ይሰጣል። እንከን የለበትም አልልም፤ ብዙ ዓይነት የነበረው ደን ለከሰል ወደሚመረጠው ወደ አንዱ ዛፍ አዘንብሏል። ቢሆንም መጥረቢያና ደን ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ስፍራ ሲኖሩ ያየሁት እዚያ ነው።

አጎት፦ ሠላሳ ዓመት! እኛ ሠላሳ ቀን አልቆየንም። ... ይልቅ ስለ ባሕረ ኤርትራ ንገሪኝ። በዚያ ጠረፍ ዝናብ የለ፣ ወንዝ የለ፤ ሾራው እዚህም እዚያም ተበጣጥሶ ነበር እንጂ እንዳንቺ አገር ደን አልነበረም።

ልጅት፦ ለምን እንደ ተበጣጠሰ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ጎርደን ሳቶ ይባላል፤ በ1927 በአሜሪካ የተወለደ የጃፓን ዘር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የጃፓን ዘር ያላቸውን ዜጎች ሰብስቦ ሲያግዝ፣ እሱም በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋራ ማንዛናር በሚባለው የበረሃ ሰፈር ታሰረ። ካደገ በኋላ ታላቅ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆነ፤ የሰውነት ሕዋስ ከሰውነት ውጭ በብርጭቆ ውስጥ ሲኖር ለማደግ ምን ምን እንደሚያስፈልገው አንድ በአንድ የመረመረ ሰው ነው። በ1980ዎቹ፣ በኤርትራ በነበረው ጦርነት መካከል፣ ወደዚያ መጥቶ የተራበው ሕዝብ ዓሣ እንዲያረባ ይረዳ ነበር፤ በኋላም ከምጽዋ በስተ ደቡብ ወዳለችው ወደ ሕርጊጎ ሄደ።

አጎት፦ ሕርጊጎ! አውቃታለሁ እኮ። ምጽዋን ውኃ የምታጠጣ የነበረችው እሷ ናት፤ ምድሯ ግን አመድ ነው።

ልጅት፦ በዚያ አመድ ላይ ቆሞ ያየው ይህ ነው። ሾራው የሚበቅለው በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባባቸው ስፍራዎች ነበር፤ ሰዎችም ዛፉ የጣፈጠ ውኃ ፈልጎ ነው ይሉ ነበር። እሱ ግን በብርጭቆ ውስጥ ላለው ሕዋስ ይጠይቅ የነበረውን ጥያቄ ለዛፉ ጠየቀ፤ ባሕሩ የሌለው፣ ጎርፉ የሚያመጣው ምንድን ነው? ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ሆነ። ስለዚህ የኛ ገበሬ የሚያውቀውን ያንኑ ዩሪያና ዳፕ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ፣ በምስማር በስቶ፣ ከቁራጭ ብረት ጋራ ከችግኙ አጠገብ ቀበረው፤ ማዳበሪያው በቀዳዳው በኩል ጥቂት በጥቂት እየወጣ ዛፉን ይመግባል፣ ባሕሩንም አይበክልም። የሕርጊጎ ሴቶች እየተቀጠሩ ተከሉ፤ በዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ዛፍ ቆመ። ቅጠሉና ፍሬው ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ፤ የሚጎድለውን ጥቂት የዓሣ ዱቄት ይሞላዋል። ለሥራው ያወጣለት ስም ማንዛናር ነው፤ በልጅነቱ የታሰረበትን ስፍራ ስም ለድኾች እንጀራ ሰጠው። በ2017 ዐረፈ።

አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ ልጅት ልትቀይርላቸው ብትነሣ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት።

አጎት፦ አንድ ሌሊት ጀልባችን ከሕርጊጎ ወዲህ በጠረፉ ላይ ዐደረ። ሦስት ጎረምሶች ነበርን፤ ዓሣ ለመጥበስ እሳት ፈለግን፤ ከሾራው አንዱን እኔ በመጥረቢያ ቆረጥሁት። እርጥብ ስለ ነበረ ጢሱ ዓይናችንን አጠፋው፤ በመጨረሻም አልነደደም፤ ዓሣውን ጥሬውን ጣልነው። ግንዱ የጭኔን ያህል ይወፍር ነበር። ስንት ዓመት ይሆነዋል?

ልጅት፦ እርስዎ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?

አጎት፦ ሃያ አንድ።

ልጅት፦ በዚያ በተራበ ጠረፍ ያን ያህል ለመወፈር ከእርስዎ ብዙ አያንስም ነበር።

አጎት፦ ታላቄ ይሆን ነበር በይኝ። ... እስቲ አተካከሉን አሳዪኝ፤ የጋዚውን።

ልጅት፦ የምኮኮ ፍሬ ገና ከእናቱ ሳይለይ በቅርንጫፉ ላይ ሳለ ይበቅላል፤ እንደ ረጅም እርሳስ ሆኖ ተንጠልጥሎ ሲበስል ይወድቃል። ጉድጓድ አይቆፈርለትም፤ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጎ በእጅ ወደ ጭቃው መጫን ብቻ ነው።

አዛውንቱ ከኪሳቸው እርሳሳቸውን አውጥተው፣ ከአጠገባቸው ወደ ነበረው የአበባ ማሰሮ አጎንብሰው፣ ትናንት ውኃ በጠጣው አፈር ውስጥ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ተከሉት።

አጎት፦ እንዲህ?

ልጅት፦ ትንሽ ወጣ ያድርጉት፣ ጋሼ። ሲሶው ከገባ ይበቃዋል።